ወይፈኑን በምን እናኮላሸው?

አንድ ማታ ንባብ ከጨረስን በኋላ አንድ አባት ጥያቄ አነሡ። ቦታው መንዝ ውስጥ፣ ሞላሌ አካባቢ ነው።

«እናንተ ልጆች፣ መጽሐፍ ታነባላችሁ። እስቲ ይኼን ንገሩኝ። አንድ በሬ አለኝ። አንድ ወይፈን ደግሞ እየደረሰልኝ ነው። እንደ ዱሮው በድንጋይ ላስቀጥቅጠው? ወይስ በዚያ በብረት ጉጠት ይሁን?» አሉን።

ከጎናቸው የተቀመጡት ጎረቤታቸው ሳቁ። «ድንጋይ አባቶቻችን የሠሩበት ነው። ምን ያስጨንቅሃል?» አሏቸው።

«አባቶቻችንማ ሠሩበት። የኔው የፊተኛው ወይፈን ግን በድንጋይ ተቀጥቅጦ አበጠ፣ ሸተተ፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ሞተ። የዚያን ዓመት ያረስኩት በልመና በሬ ነው» ሲሉ መለሱ።

ቤቱ ጸጥ አለ። የሳቁትም ጎረቤት ዝም አሉ።

እኛም ወዲያው መልስ አልሰጠንም። ከትምህርት ቤት የመጣን ነን እንጂ ወይፈን ጠልፈን ጥለን አናውቅም። ስለዚህ ያረሱትንና ያረቡትን ጠየቅን። የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ጠየቅን። መጽሐፍም አገላበጥን። ያገኘነውን በዚህ ትምህርት እንጽፋለን። እናንተም አንብቡት፤ ከምታውቁት ጋር አመዛዝኑት።

1. አንድ ወይፈን ስንት ቤት ይይዛል?

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ የሚታረሰው በጥንድ በሬ ነው። ደጋው ገብስና ባቄላ ይዘራል። ወደ ጀማ ወንዝ ሲወረድ ጤፍና ማሽላ ይመጣል። እህሉ ይለያያል እንጂ ቀንበሩ አንድ ነው። ቀንበር ደግሞ ሁለት ጫንቃ ይፈልጋል።

አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው ከጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል። አንድ ቀን የእሱ፣ አንድ ቀን የጎረቤቱ ማሳ ይታረሳል። እንግዲህ ከመቀናጆው አንዱ በሬ ቢሞት የሚጎዳው አንድ ቤት ነው? አይደለም። ሁለት ቤት ነው።

በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ድርቅ በሰሜን ሸዋ ብዙ ከብት አልቋል። ዝናቡ ሲመለስ እንኳ በሬ የሌለው ሰው መሬቱን በወቅቱ ማረስ አልቻለም። በ1970ዎቹ ዓመታት ኢልካ የተባለው የአፍሪካ የእንስሳት ሀብት ምርምር ማዕከል በአንድ በሬ የሚታረስበትን ቀንበር ሞክሮ ነበር። ሙከራውን ካደረገባቸው ቦታዎች አንዱ ደብረ ብርሃን ነው። ይሁን እንጂ አሠራሩ በገበሬው ዘንድ በሰፊው አልተለመደም። ዛሬም ደጋው የሚታረሰው በጥንድ ነው።

ስለዚህ ወይፈን ማኮላሸት ትንሽ ሥራ አይደለም። በአንድ ጠዋት የሚደረግ ነው፤ የዓመቱ እርሻ ግን በዚያ ጠዋት ላይ ይንጠለጠላል።

2. ለምን እናኮላሻለን?

ኮርማ ይዋጋል። ላም ሲያይ ቀንበር ይሰብራል። ከአጥር ይዘላል። ሰውም ይወጋል። የተኮላሸ ግን ረጋ ይላል፤ ከጓደኛው ጋር ተጠምዶ ይውላል።

ሁለተኛ፣ በወል ግጦሽ የሁሉም ከብት አንድ ላይ ይውላል። ያልተኮላሸ ወይፈን ሁሉ የአገኘውን ላም ያጠቃል። ጥጃው ከማን እንደተወለደ አይታወቅም።

ሦስተኛ፣ የተኮላሸ ከብት ስብ ይይዛል። በእኛ አገር ለሥጋ የሚሸጠው ሰንጋ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ አርሶ የኖረ በሬ ነው። ጉልበቱ ሲደክም ይቀለባል፤ ለፋሲካ ወይም ለእንቁጣጣሽ ገበያ ይወጣል። እንግዲህ ዛሬ የምናኮላሸው ወይፈን የነገ አራሽ፣ የከነገ ወዲያ ሰንጋ ነው።

3. በስንት ዓመቱ?

ብዙ አባቶች ወይፈን አራት፣ አምስት ዓመት እስኪሞላው ይቆያሉ። «ቀድሞ ከተኮላሸ ይቀጭጫል» ይላሉ። ይህ አባባል ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹ ግን አይደለም።

እውነቱ ይህ ነው። የኮርማን አንገትና ሻኛ የሚያወፍረው ከቆለጡ የሚመነጭ ቅመም ነው። በጥጃነቱ የተኮላሸ በሬ አንገቱ ቀጠን ይላል። ሐሰቱ ደግሞ «አያድግም» የሚለው ነው። እንዲያውም ቀድሞ የተኮላሸ ከብት የእግሩ አጥንት ረዘም ላለ ጊዜ ያድጋል፤ ቁመቱም ይረዝማል።

መዘግየትም ዋጋ አለው። ወይፈኑ በጎለመሰ ቁጥር የዘር ገመዱ ይወፍራል። ሕመሙ ይበዛል። እብጠቱ ይበረታል። ለማገገም ብዙ ቀን ይፈጃል። እስከዚያ ድረስም መዋጋትና ላም ማሳደድ ለምዷል፤ ልማዱ ከተኮላሸም በኋላ ቶሎ አይለቀውም።

ታዲያ ምን ይሻላል? ለእርሻ የታሰበ ወይፈን ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ሁለት ዓመት እስኪሆነው ባለው ጊዜ ቢኮላሽ ይመረጣል። ጫንቃው መሠረት ይይዛል፤ ገመዱም ገና አልደነደነም። ለሥጋ ብቻ የታሰበ ጥጃ ግን አንድ ዓመት ሳይሞላው ቢኮላሽ ጉዳቱ ያነሰ ነው።

4. አራቱ መንገዶች

አንደኛ፣ በድንጋይ ወይም በእንጨት መቀጥቀጥ። ይህ የቆየው መንገድ ነው። ወይፈኑ ይጣላል። የዘር ገመዱ በእንጨት ወይም በድንጋይ ላይ ይደረግና እስኪላላ ድረስ ይመታል። ጥሩነቱ ገንዘብ አይጠይቅም፤ መሣሪያው ከደጅ ይገኛል። ቆዳው ካልተቀደደም ደም አይፈስም። መጥፎነቱ ግን ብዙ ነው። ምቱ ልክ የለውም። አንዱ ገመድ ሲደቅ ሌላው ሊተርፍ ይችላል። ቆዳውና ቆለጡ አብሮ ይደቅቃል። የደቀቀ ሥጋ ደም አያገኝም፤ ደም ያላገኘ ሥጋ ይበሰብሳል። የእኒያን አባት ወይፈን የገደለው ይኸው ይመስለናል። ሕመሙም ከሁሉ የከፋ ነው። ከብት ባይናገርም ያማል።

ሁለተኛ፣ በስለት መስለብ። ከረጢቱ ተሰንጥቆ ቆለጡ ይወጣል። ጥሩነቱ እርግጠኛ መሆኑ ነው። ቆለጡ ከወጣ ጥርጥር የለም። መጥፎነቱ ቁስል መክፈቱ ነው። ደም ይፈሳል። ዝንብ ያርፍበታል፤ ይተላል። በአፈርና በፍግ ውስጥ ያለው የመንጋጋ ቆልፍ ተሐዋስያን በቁስሉ ይገባል። ስለዚህ በስለት መሥራት ያለበት የተማረ ባለሙያ ነው። እሱም ማደንዘዣ፣ የተቀቀለ መሣሪያና መድኃኒት ይዞ ነው። በቤት ቢላዋና በምላጭ አይሞከርም።

ሦስተኛ፣ የላስቲክ ቀለበት። ጠንካራና ትንሽ ቀለበት በማስፊያ ተወጥሮ ከቆለጡ በላይ ይገባል። ደም ይቋረጣል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከረጢቱ ደርቆ ይወድቃል። ይህ የሚሆነው ለተወለደ ሰሞን ጥጃ ብቻ ነው። ሁለቱም ቆለጦች ከቀለበቱ በታች መሆናቸው በእጅ ይረጋገጣል። አንዳንድ ሰው ጎልማሳ ወይፈን በገመድ ወይም በካላማዳሪያ ላስቲክ ያስራል። ይህ ክፉ ሥራ ነው። ከብቱ ብዙ ቀን ይሠቃያል፤ የታሰረበት ይቆስላል፤ መንጋጋ ቆልፍም ያመጣል።

አራተኛ፣ ቡርዲዞ። እኒያ አባት «የብረት ጉጠት» ያሉት ይህ ነው። ስሙን ያገኘው ከሠራው ጣሊያናዊ የእንስሳት ሐኪም ነው። ለበግና ለፍየል ትንሽ፣ ለወይፈን ትልቅ አለው። አፉ ደንዝ ነው፤ ቆዳ አይቆርጥም። ከቆዳው ሥር ያለውን የዘር ገመድ ብቻ ይጨፈልቃል። ገመዱ ከተጨፈለቀ ወደ ቆለጡ የሚሄደው ደም ይቆማል። ቆለጡም በጊዜ ብዛት ይሟሽሻል። ጥሩነቱ ቁስል አለመክፈቱ ነው። ደም የለም፤ ዝንብ የለም። መጥፎነቱ ካልተጠነቀቁ ገመዱ ያመልጣል። ከብቱም «ተኮላሽቷል» ተብሎ ኮርማ ሆኖ ይቀራል። ያረጀና አፉ የተዛባ ቡርዲዞም አይሠራም።

5. ቡርዲዞ እንዴት ይሠራል?

ሥራውን የሚሠራው የሠለጠነ ሰው ነው። እኛ ግን ማወቅ አለብን። የሚያውቅ ባለከብት በደንብ መሠራቱንና አለመሠራቱን ይለያል።

ሀ. ወይፈኑ ሆዱ እስኪነፋ በልቶ አይምጣ። የሚጣለው ለስላሳ ሣር ላይ ነው እንጂ ድንጋያማ ቦታ ወይም ቁልቁለት ላይ አይደለም። በደንብ ይታሰር። ባለሙያው የማደንዘዣ መርፌ ካለው ይወጋለት።

ለ. ባለሙያው አንዱን የዘር ገመድ በጣቱ ዳብሶ ያገኛል። ገመዱን ወደ ከረጢቱ ጠርዝ፣ ወደ ውጭ ይገፋዋል።

ሐ. ቡርዲዞውን ከቆለጡ በላይ፣ ገመዱ ላይ ይዘጋል። ቆለጡን ራሱን መቆንጠጥ አይገባም። የሽንት መውጫውም እንዳይያዝ ይጠነቀቃል።

መ. ዘግቶ ቶሎ አይለቅም። ቢያንስ እስከ 10፣ ለትልቅ ወይፈን እስከ 30 ቀስ ብላችሁ ቁጠሩ። ቁጥር የተማራችሁበት አንዱ ጥቅም ይኸው!

ሠ. በዚያው ገመድ ላይ አንድ ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ይደገማል። ይህ ገመዱ አምልጦ እንዳይሆን ነው።

ረ. ከዚያ ሁለተኛው ገመድ ለብቻው እንዲሁ ይደረጋል። ሁለቱን ገመድ በአንድ ጊዜ መቆንጠጥ ክልክል ነው። የግራውና የቀኙ ምልክትም በአንድ መስመር አይገናኝ። መካከል ላይ ያልተቆነጠጠ ቆዳ መቅረት አለበት። ለምን? በዚያ ቆዳ በኩል ለከረጢቱ ደም ያልፋል። እሱ ከተዘጋ ከረጢቱ በሙሉ ይበሰብሳል። ያን ጊዜ ከድንጋዩ በምን ተሻለ?

6. በየትኛው ወር?

ክረምት አይሆንም። በረቱ ጭቃ ነው፤ ዝንብም አለ። የእርሻ ጊዜም አይሆንም። ያበጠ ወይፈን ቀንበር አይጫንበትም።

ለደጋው ኅዳርና ታኅሣሥ ይስማማል። ሣርና ገለባ አለ፤ ከብቱ ጠግቧል። አየሩ ቀዝቃዛና ደረቅ ነው። የበልግ እርሻ ከመድረሱ በፊት ለማገገም ጊዜ ያገኛል። ወደ ጀማ ሸለቆ ባለው ቆላ ግን ሙቀቱና ዝንቡ ይበረታል። ስለዚህ በቆላ ያላችሁ ቀዝቀዝ ያለውን ወር ምረጡ፤ ሥራውንም በማለዳ ጨርሱ። በስለት የሚሠራ ከሆነማ ጥንቃቄው እጥፍ ነው።

ወይፈን ማላመድና ማኮላሸት በአንድ ሰሞን አይደረጉ። ሁለት ጭንቅ በአንድ ጊዜ አይጫንበት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ?

7. ከተኮላሸ በኋላ

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማበጡ የታወቀ ነው። አትደንግጡ። ደረቅ ቦታ ይደር። በዝግታ ይንቀሳቀስ፤ መንቀሳቀስ እብጠቱን ያቀንሳል። ውኃና ጥሩ መኖ ይቅረብለት። ጧትና ማታ እዩት።

ቁስል ካለ እበት፣ አመድ ወይም አፈር አትቀቡ። እበትና አፈር የመንጋጋ ቆልፍ ቤት ናቸው።

ከእነዚህ ምልክቶች አንዱን ስታዩ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ እንስሳት ጤና ጣቢያ ሂዱ፦

— ከረጢቱ ከጠቆረና ከቀዘቀዘ፤
— ከሸተተ ወይም መግል ከፈሰሰው፤
— ደሙ አልቆም ካለ፤
— መብላት ከተወ፤
— እግሩና አንገቱ ከደረቀ፣ መንጋጋውም አልከፈት ካለ።

እብጠቱ ሳይጠፋ ቀንበር አትጫኑ። ሦስት ሳምንት ያህል ይረፍ። አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ። ወይፈኑ ዛሬ ተኮላሸ ማለት ዛሬ ዘር አቆመ ማለት አይደለም። ቀድሞ የተጠራቀመ ዘር ስላለው ለጥቂት ሳምንታት ላም ሊያስረግዝ ይችላል። ሁለት ወር ያህል ከላም ይራቅ። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ቆለጡን ዳብሱት። ሁለቱም ሟሽሸው ከሆነ ሥራው ሠምሯል። አንዱ እንኳ እንደ ፊቱ ከሆነ ባለሙያውን መልሳችሁ ጥሩ። አንድ ቆለጥ የቀረው ኮርማ ነው።

8. ኮርማው ማን ይሁን?

አሁን ደግሞ ከመሣሪያው የሚበልጥ ነገር እናንሣ።

ደህና በሬ ይወጣዋል የምንለው የትኛውን ወይፈን ነው? ደረተ ሰፊውን፣ ቶሎ ያደገውን አይደል? እሱን እናኮላሸዋለን። ላሞቹን የሚያጠቃው ታዲያ ማን ይሆናል? የቀረው፣ የቀጨጨው። እንዲህ እያልን ዓመት በዓመት ደህናውን ዘር በገዛ እጃችን እናጠፋለን። ከዚያ «የዘንድሮ ጥጆች ምን ነካቸው?» እንላለን።

መድኃኒቱ መነጋገር ነው። ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አንሄድም። እዚሁ መንዝ ውስጥ ከ2001 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በግ አርቢዎች ከተመራማሪዎች ጋር ሆነው የሠሩት አለ። ጠቦቶቹ በጋራ ይታያሉ፤ ይመዘናሉ። ምርጦቹ አውራ ለአካባቢው ይቀመጣሉ፤ በተራም ያገለግላሉ። ያልተመረጡት ይኮላሻሉ ወይም ይሸጣሉ። ለበግ የሆነው ለከብት ለምን አይሆንም? አንድ ጎጥ ተሰብስቦ አንድ ደህና ኮርማ ይምረጥ። ባለቤቱ በሬ የሚሆነውን ወይፈን ለሁሉ ጥቅም ስላስቀረ በገለባም በገንዘብም ይታገዝ። ሌሎቹ በአንድ ቀን ይኮላሹ። ብዙ ወይፈን ባንድ ላይ ከቀረበ ባለሙያውንም በአንድ ቦታ ማግኘት ይቀላል።

9. እንግዲህ ምን እንምረጥ?

ከመምረጣችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ዕድሜው ስንት ነው? የሚሠራው ማን ነው? ወሩ የትኛው ነው?

ገና የተወለደ፣ ለሥጋ ብቻ የታሰበ ጥጃ ከሆነና ቀለበቱን በትክክል የሚያውቅ ሰው ካለ ላስቲክ ይሆናል። ለእርሻ የሚሆን የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ወይፈን ከሆነ ቡርዲዞ ይሻላል። ገመዱ ከደነደነ ትልቅ ኮርማ ከሆነ የእንስሳት ሐኪም አይቶ ይወስን። በድንጋይ መቀጥቀጥን ግን እንተወው። አባቶቻችን በድንጋይ የቀጠቀጡት ሌላ ስላልነበራቸው ነው። እኛ ሌላ አለን።

እኒያ አባት ይህን ሁሉ አዳመጡ። ከዚያ «ወይፈኔ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። እስከ ኅዳር እጠብቃለሁ። ቡርዲዞውን የያዘው ልጅ ሲመጣ ግን አጠገቡ ቆሜ እስከ 30 እቆጥራለሁ!» አሉ። ሁሉም ሳቀ።

መቀናጆአቸው የሆኑት ያ የሳቁት ጎረቤት ደግሞ ትንሽ አሰቡና፣ «የኔንም ጥጃ አብረን እናምጣው። ያንተ ወይፈን ቢሞት የኔም ማሳ ጦም ያድራል» አሏቸው።

ለመወያያ

1. ከመቀናጆ በሬ አንዱ ቢሞት ስንት ቤት ይጎዳል? ለምን?
2. «ቀድሞ የተኮላሸ ይቀጭጫል» ከሚለው አባባል እውነቱ የቱ ነው? ሐሰቱስ?
3. በቡርዲዞ ሁለቱን ገመድ በአንድ ጊዜ መቆንጠጥ ለምን ክልክል ሆነ?
4. በእናንተ ጎጥ ላሞችን የሚያጠቃው ኮርማ የማን ነው? የመረጠውስ ማን ነው?
5. ወይፈን ወይም ጥጃ ያላችሁ፣ የተወለደበትን ወርና ዓመት በደብተራችሁ ጻፉ። መቼ እንደሚኮላሽም ቆጥራችሁ ከጎኑ ጻፉ።